ይርጋ የጻፋት «ጎጆ»

ባለፈው ማክሰኞ ስልኬን ላሠራ ከመናኸሪያው በላይ ወዳለችው ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ጠጋኙ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከፍቶ መብራት ሰጥቶት ነበርና ውስጡ የተጠራቀመው አቧራ በሙቀት መቃጠል ጀመረ። ያን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የተቃጠለ ፀጉርም አይደለም፣ የተቃጠለ ላስቲክም አይደለም፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለበት። ወንበር እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ስኳር ያለብኝ መስሎት ውሃ ፍለጋ ወጣ። ስኳር የለብኝም፤ ያለብኝ ሌላ ነው። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ከኋላው የሚከተለው ሌላ ሽታ አለ፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ የፈሰሰ የሰው ደም ሽታ። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ስላሸተትኳቸው እስከ ዛሬ ሊለያዩልኝ አልቻሉም።

ያኔ አርባ ዓመቴ ነበር። አሁን ስድሳዎቹን አጋምሼ፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ ነው የምጽፈው። ደብረ ታቦር ያኔ ሌላ ከተማ ነበረች። ባጃጅ አልገባባትም፤ ከገበያው እስከ ቢሯችን ያለውን ዳገት በእግር ስንወጣ ጭጋጉ እስከ ረፋድ ድረስ ከፊታችን አይገለጥም ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ በሃያ አምስት፤ ፓስቲዋ ደግሞ እንዳሁኑ ነፋስ የተሞላች ሳትሆን ለሁለት ሰው የምትበቃ ነበረች። ቅዳሜ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ተራ ሄዶ፣ ከባሕር ዳር በጥቅል የመጣ ሹራብ በአሥራ አምስት ብር መምረጥ ይቻል ነበር። ያን ጊዜ የገዛሁት ወይን ጠጅ ሹራብ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ግራ እጅጌው ላይ ያለው እድፍ ስላልለቀቀ አልለብሰውም፤ መጣልም አልሆነልኝም። ማዕዘኑ ላይ የነበረው ካሴት ቤት ጠዋት ከከፈተ እስኪዘጋ ድረስ አንዲት የማሲንቆ ዘፈን ይደጋግማል፤ ስለ አንድ ሽፍታና ስለ እናቱ የሚል ነበር። ሁላችንም እንወደው ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ በምንወደው ዘፈን ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው ይሞታል።

እኔ አሥራ ስምንት ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት የሠራሁ ሰው ነኝ። የገበሬውን ይዞታ የሚመዘግብ አንድ ፕሮጀክት ከተማችን ላይ ቢሮ ከፍቶ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሲፈልግ፣ ጣቶቿ ፊደል ለምደዋል ተብዬ ተወሰድኩ። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ስሙን የሚያነሳውም የለም። ሥራው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ቀያሾች ከሽማግሌዎች ጋር ሄደው መሬቱን በገመድ ይለካሉ፤ የማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሚዋሰን፣ በላዩ ላይ ምን እንዳለ ጽፈው ያመጣሉ። እኛ አስገብተን፣ አትመን፣ ማኅተም አሳርፈን ለባለቤቱ እንሰጣለን። ዳሩ ግን «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» የሚል አገር ነው፤ ደግሞም አይቀልድም። ጭንቅላቱን በነጠላ ያሰረ ሰው ደጃችን ላይ የማይቀመጥበት ሳምንት አልነበረም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የሞተ ልጇን ጋቢ ይዛ መጣች። ደሙ ደርቆበት ጋቢው እንደ ቁርበት ደርቋል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችውና፣ «ድንበሩ ይኸ ነው፤ የፈሰሰው እዚህ ድረስ ነው፤ ጻፊው» አለችኝ። ሌላ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ስማቸው ከዝርዝሩ ሲታጣ ሽጉጣቸውን መዝዘው ጣሪያችንን ተኮሱት። የከሰሳቸው ሰው አልነበረም። ስማቸውን ፈልገን አገኘነው፣ በማግሥቱ ማር ይዘው መጥተው ይቅርታ ጠየቁን፤ እኛም ክረምት ሲገባ ከቀዳዳው ሥር ጣሳ እናስቀምጥ ነበር። ዛሬም ከተራራው ወዲያ ተኩስ ሲሰማ ጎረቤቶቼ ከበሩ ብቅ ይሉና ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ተነጋግረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እኛ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበርን።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ይርጋ ከይፋግ ነው የመጣው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ቀጭን፣ ሲያስብ ከንፈሩን የሚነክስ፣ እናቱ ክርኑን በቆዳ የጣፈችለት ቡናማ ኮት የማያወልቅ። ከላይ የተላከልን ትልቅ ፕሮግራም ነበር፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮቻችን አቅም አጥተው በከፈትነው ቁጥር ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አዲስ ማሽን ይምጣልን ብለን ደብዳቤ ብንጽፍ መልስ የለም። ያኔ ይርጋ በአንዲት ዲስኬት የምትገባ ቀላል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይዞ መጣ። በዚያች ቋንቋ ጽፈህ ወዲያው ታስኬዳለህ፤ ነገር ግን የምታውቀው ነገር ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ በአንድ በኩል ስም፣ በሌላው በኩል ዋጋ። ወላጅ፣ ልጅ፣ ውርስ የሚባል ነገር አታውቅም። ይርጋ ሁለት ሳምንት ምሳውን እየተወ ተቀምጦ ያን ጨመረባት። ሲጨርስ አትሞ አሳየኝ፤ ሁለት ገጽ አትሞላም። ስሟን «ጎጆ» አላት። ቤተ መንግሥት አላስፈለገንም፣ ዝናብ ካስጠለለችን ይበቃል ነበር ያለው።

እኔ ታይፕ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ነበርና አስረዳኝ ብዬ ያዝኩት። ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ ከሥሩ ሦስት ትናንሽ ክቦች ሣለ። ትልቁ አባት ነው፣ ትናንሾቹ የወረሱት ልጆች። «እትዬ ዘነቡ፣ ልጁን አንድ ነገር ሲጠይቁት ካወቀ ይመልስልዎታል። ካላወቀ አባቴን ጠይቁት ይላል። በቃ፤ ጎጆ ከዚህ ሌላ ሥራ የላትም» አለኝ። ቀበሌው፣ ጎጡ፣ የአፈሩ ዓይነት አባት ላይ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ልጆቹ ሁሉ ከዚያ ያገኙታል። አንዱን መሬት ለሦስት ወራሽ ስንከፍል ሁሉንም ሦስት ጊዜ መጻፍ ቀረ። አሮጌዎቹ ማሽኖች እንደ ጤነኛ ሰው መተንፈስ ጀመሩ። እኔም ቀስ በቀስ ያቺን ሁለት ገጽ ማንበብ ተማርኩ። ትንሽ ትንሽም መነካካት፣ አንዳንድ መስመር መጨመር ጀመርኩ። በዕድሜዬ እንዲህ የተደሰትኩበት ሥራ የለም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ቦታ ያማረኝ ያን ጊዜ ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ የማይሆን ነገር አየሁ። የአንዲት ወይዘሮ መሬት ላይ ምንጭ አለ ብዬ ባስገባ የወንድሟም መሬት ላይ ምንጭ ፈለቀ። ይርጋን ጠራሁት። ከንፈሩን ነክሶ ረጅም ጊዜ ተመለከተው። «በላዩ ያለ» የሚለውን ዝርዝር አባት ላይ አድርጎት ኖሯል። ልጆቹ የየራሳቸው ዝርዝር የላቸውም፤ ሁሉም የአባታቸውን አንዱን ዝርዝር ነው የሚያዩት፤ በአንዱ ስም የጻፍኩት በሁሉም ላይ ይታያል። እርማቱ ቀላል ነው፣ ግን በደንብ መፈተሽ አለበት አለኝ። በማግሥቱ የአባቱ የሙት ዓመት ተዝካር ስለነበረ ወደ ይፋግ መሄዱ ነው። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ «እስክመለስ የወራሾችን አያትሙ። ሌላውን ያትሙ፤ የወራሾችን ብቻ ይተዉልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ዓርብ ዕለት ኃላፊያችን መጡ። ከበላይ ጎብኚ ይመጣል፣ ቅዳሜ ለገበያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ይሂድ አሉ። ይርጋ ያለውን ነገርኳቸው። ስህተት ካለ በእጅ እናርማለን አሉኝ። ሁለተኛም ተናገርኩ፤ ሦስተኛ ለመናገር ግን ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ፍርሃት ብቻም አልነበረም። አምስት ስድስቱን በዓይኔ አየሁና ደህና መሰሉኝ፤ እኔም አሁን ከይርጋ ባልተናነሰ አውቀዋለሁ የሚል ትንሽ ኩራት ነበረብኝ። ከሰዓት በኋላ ማተሚያው እየጮኸ የወራሾቹን ሁሉ አተምኩ። ቅዳሜ ጠዋት ገበሬዎቹ ተሰልፈው ተቀበሉ። ከእነዚያ ውስጥ ከጋፋት ወዲያ ካለች ጎጥ የመጡ ሦስት የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። ታላቁ ሙላት ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው። ታናሹ ደሴ። እኅታቸው የሺ። ወረቀቱን ስሰጣት ሁለት እጇን ዘርግታ ነው የተቀበለችኝ፤ ማንበብ አትችልም ነበርና ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው።

ሰኞ ይርጋ ተመለሰ። የታተመውን ዝርዝር ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። አልተቆጣኝም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና የትኞቹ እንደተበላሹ አንድ በአንድ አወጣን። ብዙዎቹ የድንጋይ ካብ ወይም አንዲት የግራር ዛፍ ነበሩ፣ ሰው የማይጣላባቸው። የሙላት፣ የደሴና የየሺ ላይ ስንደርስ እጁ ቆመ። የአባታቸው መሬት ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ደን አለ፤ ሃያ ዓመት የቆመ፣ ለቤት ምሰሶ የሚሆን፣ በዚያ ጎጥ ከዚያ የሚበልጥ ሀብት የለም። ሽማግሌዎቹ ሲያካፍሉ ወንዶቹ ሰፋ ያለውን የእርሻ መሬት ወሰዱ፣ ባሕር ዛፉ ለየሺ ደረሳት። እኔ ያተምኩት ወረቀት ግን ለሦስቱም ሰጥቷቸዋል። እያንዳንዳቸው ባሕር ዛፉ የኔ ነው የሚል ባለማኅተም ወረቀት በእጃቸው አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቶቹን ሰብስበን ለመመለስ ሁለታችን በእግር ወጣን። ውርጭ ነበር፤ የገብሱ ቃርሚያ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ጋፋትን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን። ይርጋ መሮጥ ጀመረ፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ተከተልኩት።

ሙላት አምስት ግንድ ጥሏል፣ ስድስተኛውን ይመታል። ደሴ ወረቀቱን እያውለበለበ ፊቱ ቆሟል፤ የኔም ላይ ተጽፏል፣ አንብበው ይላል። የሺ ከሁለቱ ራቅ ብላ ሽማግሌ ይጠራ እያለች ትለምናቸዋለች። ይርጋ ከሩቅ ወረቀቱ ስህተት ነው፣ ሙላት፣ ስህተት ነው እያለ ይጮኻል፤ ነገር ግን በነዚያ ሦስት ሰዎች መካከል የኛ ድምፅ አልገባም። ደሴ የመጥረቢያውን እጀታ ሊይዝ እጁን ሰነዘረ። ሙላት መጥረቢያውን አነሳ። ዛፉን ሊመታ ይሁን ወንድሙን፣ ዛሬ ድረስ መማል አልችልም። ሲወርድ የደሴን ቀኝ ክንድ ከክርኑ በታች አገኘው። ድምፁ እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚሰማው ነበር። ክንዱ አልወደቀም፤ በቆዳ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደሴ አልጮኸም፤ በግራ እጁ የተንጠለጠለውን ይዞ የሌላ ሰው ዕቃ እንደተሰጠው ሁሉ አየው። ሙላትም ያደረገውን አይቶ መጥረቢያውን ከፍ እንዳደረገ ደንግጦ ቆመ። ያን ጊዜ ከካቡ በላይ ምንሽር ጮኸ። የየሺ ባል አያሌው ነበር። ከእርሻው እየሮጠ ሲደርስ ያየው ሙላት በደም የተለወሰ መጥረቢያ አንስቶ፣ የሺም ወደሱ እየሮጠች ነው። ሙላት ደክሞት የሚያርፍ ሰው መስሎ ቁጭ አለ። ጥይቱ ደረቱን በስቶ በጀርባው ወጥቷል። አፉን ከፈተ፤ ከቃል ይልቅ አረፋ ያለው ደም መጣ። የሺ በወንድሟ ላይ ወደቀች። ባሏ ጠመንጃውን፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየና ዞሮ ወደ ገደሉ ሮጠ።

የደሴን ክንድ በነጠላዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ብቻ አጥብቄ አሰርኩ። ደሙ እጅጌዬን ተከትሎ እስከ ብብቴ ድረስ ሞቆ ገባ። ሰዎች ደርሰው በቃሬዛ ሲወስዱት ይርጋ መሬት ላይ ተንበርክኮ ወረቀቶቹን ይለቅማል። ሦስቱንም ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ሕክምናው ክንዱን አላተረፈውም፤ ነፍሱን ግን አተረፈው።

ሙላት ረቡዕ ተቀበረ። ዓርብ ረፋድ ላይ የአባቱ ወገን የሆኑ አራት ሰዎች ቢሯችን ገቡ። ሦስቱ ዱላ፣ አንዱ መጥረቢያ ይዘዋል። ጥቁር የለበሰው ታላቃቸው ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ፣ በጨዋ ሰው ድምፅ፣ «ይኸን ወረቀት የጻፈው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። በእጁ የያዘው ወረቀት አልነበረም፤ ወረቀቱ እኛ ጋ ነው። እኔ የሻይ ብርጭቆ እንደያዝኩ ነበርኩ። መልሱን አውቃለሁ፤ አፌ ግን አልተከፈተም። ይርጋ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

የመጀመሪያው ዱላ ፊቱ ላይ ነው ያረፈው፤ በዓይኖቹ መካከል፣ አግድም። ወደቀ። ወድቆም መቱት። ዱላው አጥንት ላይ ሲያርፍና ሥጋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ እንደሚለያይ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ኃላፊያችን በጓሮ በር ወጡ። እኔ በይርጋ ላይ ልወድቅ ስል አንዱ በክርኑ ደረቴን ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ፤ ሴት አልመታም፣ ተቀመጪ አለኝ። ባለመጥረቢያው ኮምፒውተሮቹ ላይ ወጣ። መብራታቸው ሳይጠፋ ነበር የፈለጣቸው። ብልጭታ ወጣ፣ ጭስ ተነሳ፣ ውስጣቸው የተጠራቀመው የስንት ዓመት አቧራ መቃጠል ጀመረ። ከዚያ ታላቃቸው በቃ አለ፤ በቃ ሲል ሁሉም አንድ ላይ ተዉ። ሲወጡ በሩን ዘጉልን።

ይርጋ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጣ። አንዱ እዚያው ፈስሷል፤ ሁለተኛውን ሐኪሞቹ ብዙ ታገሉለት፣ አልሆነም። በየቀኑ ሾርባ ይዤለት ሐኪም ቤት እሄድ ነበር፤ እናቱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው እንቀመጣለን። በሁለተኛው ሳምንት እናቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠየቅሁት። ለምን እኔ ነኝ አልክ፣ ያተምኩት እኔ መሆኔን እያወቅክ አልኩት። በፋሻ የተጠቀለለ ፊቱን ወደኔ መለሰ። «እትዬ ዘነቡ፣ ጎጆን የጻፍኳት እኔ አይደለሁም እንዴ? ምን ዋሸሁ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ እኔን ሊያድን ነበር ወይስ ያመነበትን ተናገረ፣ አልለየሁም። እሱም ሌላ አልጨመረልኝም።

ያን ቀን ግን ኮቴን ያቀብሉኝ አለኝ። ከደረት ኪሱ ዲስኬቷን አወጣ፤ አንድ ጥግዋ ከመሰንጠቋ በቀር ደህና ነበረች። የሁለቱን ገጽ ኮፒ ይዤ መጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ልጅ በሚፈጠርበት ቦታ ላይ ስደርስ አስቆመኝና አንድ መስመር ነገረኝ። ልጁ ገና ሲፈጠር የራሱ ባዶ ዝርዝር ይሰጠው፤ ሌላ ምንም አይነካ። በእርሳስ ጻፍኩት። እንድደግምለት አደረገኝ፣ ነጥቡን፣ ቅንፉን ሳይቀር። አንዲት መስመር ናት። በይፋግ ተዝካር ባይኖር ዓርብን ሳትጠብቅ፣ እኔም እስኪመለስ ብታገሥ ኖሮ ሰኞ ጠዋት የምትጻፍ አንዲት መስመር።

የሙላት ወገኖች አያሌውን ለመግደል በየገደሉ መዞር ጀመሩ፤ አያሌውም ከየጥሻው እየወጣ ሁለት ጊዜ ተኮሰባቸው፣ አንድ በሬ ሞተ። ጎጡ ውስጥ ከብት የሚያግድ ወንድ ጠፋ። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ አባ ገብሬ የሚባሉ አሮጌ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው በሁለቱ ወገን መካከል መመላለስ ያዙ፤ ደም ለማድረቅ ነው። በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሊያስቀምጧቸው ሲስማሙ እኔ ቤታቸው ሄድኩ። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ይርጋ አያትሙ እንዳለኝ፣ እንዳተምኩ፣ ሲጠይቁ ዝም እንዳልኩ። ብዙ አልተናገሩም። ሰው ፊት ትናገሪዋለሽ ወይስ ለኔ ብቻ ነው የመጣሽው አሉኝ። ሰው ፊት አልኳቸው።

ተናገርኩት። ይርጋን የመቱት አራቱ ሰዎች በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ከታላቃቸው ዓይን ዓይኔን አላነሳሁም። የሚመቱኝ ከሆነ ይምቱኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። ማንም አልተነሳም። ታላቅየው ራሱን ደፍቶ መሬቱን በበትሩ ጫፍ ይጭር ጀመር። ደሴ ባዶ እጅጌውን በመርፌ ቁልፍ አስይዞ ከግድግዳው ተደግፏል። መጀመሪያ የተናገረችው የሺ ናት። ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። ከስታ ጉንጮቿ ገብተዋል፤ ለወንድሟ ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ለባሏ ስንቅ በየዋሻው ትልካለች ይባል ነበር።

«እና እታለም፣ እውነተኛው ወረቀት ላይ ባሕር ዛፉ የማን ነበር?» አለችኝ።

ይህን ትጠይቀኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። አባ ገብሬን አየሁ፤ እሳቸውም ጠበቁኝ።

«ያንቺ ነበር» አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች። እዚያው ተቀመጠችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ልቅሶ አልሰማሁም።

ዕርቁ ሆነ። አያሌው እጁን ሰጠ፣ ተፈርዶበት ዓመታት ታሠረ፣ ወጥቶም ሚስቱ ቤት አልገባም፤ ወደ በለሳ ሄደ አሉ። ይርጋን ከመቱት አራቱ ሁለቱ ታሠሩ። ደሴ በአንድ እጁ ሞፈር መያዝ ስለማይችል ንብ ያነባል፤ ገበያ ላይ ሲያገኘኝ በግራ እጁ ይጨብጠኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ወጥቶት አያውቅም። ይርጋ ይፋግ ከእናቱ ቤት ገባ። እናቱ እስክትሞት እሷ ጦረችው፤ አሁን የእኅቱ ልጆች ናቸው አጠገቡ ያሉት። ኔትወርክ ሲኖር እንደዋወላለን። አዲሶቹ የኮምፒውተር ልጆች በምን እንደሚሠሩ ልንገረው እላለሁ፤ የሰማሁትን ስነግረው ይስቃል፣ ያቺው ጎጆ ናት፣ ልብስ ቀየሩላት እንጂ ይለኛል። እኔ ከዕርቁ በኋላ ከሥራ ልለቅ ፈልጌ ነበር። ይርጋ ከልክሎኛል። ሌላው የማያነባትን አንቺ ታነቢያታለሽ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ብሎ ነው ያነጋገረኝ። አዲስ ማሽን መጣ፣ ዲስኬቷን አስገባሁ፣ መስመሯን ጨመርኩ፣ የተበላሹትን ሁሉ እንደገና አተምኩ።

የሺ ለወረቀቷ የመጣችው በሰኔ መግቢያ ነው። ዝናብ መትቷት፣ ከጫማዋ ጭቃ እየተጎተተ ገባች። ተቀመጪ ብላትም ቆመች። አዲሱን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩላት፤ ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ አዋሳኞቿን፣ በላዩ ያለ ባሕር ዛፍ የሚለውን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ይኸንን ሰርዢው» አለች። «ዛፍ የለም። ለፋሲካ አስቆርጬዋለሁ። ሥሩንም አስነቅዬዋለሁ፣ እንዳያቆጠቁጥ።»

ግንዱን ምን እንዳደረገችው አልጠየቅሁም። በኋላ እንደሰማሁት ለሙላት ሚስት ቤት ማደሻ ሰጥታዋለች፤ የተረፈውን ለቤተ ክርስቲያኑ። ወደ ማሽኑ ዞርኩና የሷን መሬት ከፈትኩ። ባሕር ዛፍ የሚለውን አጠፋሁ። ከዚያ የደሴን ከፈትኩ፣ የሙላትን ልጆች ከፈትኩ፤ የነሱ እንደነበረ ነው፣ አንድም ፊደል አልተነካም። ከሷ ላይ ብቻ ነው የተሰረዘው። እሷ ስክሪኑን አታይም፤ እኔን ነው የምታየኝ።

«ባዶ ልተወው?» አልኳት።

«ባዶ አትተይው። ባዶ መሬት ሰው ይጠራል» አለች። ትንሽ አሰበች። በመስኮቱ በኩል የሚወርደውን ዝናብ ተመለከተች። «ገብስ በይው።»

ገብስ ብዬ ጻፍኩ።